በሙከራ ላይ ያለ መድኃኒት መውሰድ እምነት ማጣት ነው?

ጥያቄ፦ የደም ካንሰር ታማሚ ነኝ። ሁለት ጊዜ ኬሞ ወስጄ በሽታው ተመልሶብኛል። አሁን ሐኪሞቼ ገና እየተሞከረ ያለ የሚዋጥ መድኃኒት አለ፣ ትሳተፊያለሽ ወይ አሉኝ። ቤተሰቤ «እግዚአብሔርን መፈታተን ነው፤ መሞከሪያ ልትሆኚ ነው?» ይሉኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ።

ሕዝቅያስን አስቢው። ለሞት ደርሶ ሲያለቅስ እግዚአብሔር «እፈውስሃለሁ» አለው። ቃሉ ከወጣ በኋላ ግን ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አስመጣ፤ እባጩ ላይ አደረጉለት (2ነገ. 20፥7)። የተስፋው ቃል በለሱን አላስቀረውም። ሲራክም በምዕራፍ 38 መድኃኒትን ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር ነው ይላል። መፈታተን ከመቅደስ ጫፍ መዝለል ነው እንጂ ሐኪም ጋ መሄድ አይደለም።

ከመፈረምሽ በፊት ግን ሙከራው ስንተኛው ምዕራፍ (ደረጃ) ላይ እንዳለ ጠይቂ። የመጀመሪያው ከሆነ ዋናው ጥያቄ «ያድናል ወይ?» ሳይሆን «ሰው ምን ያህሉን ይችለዋል?» የሚል ነው። ብዙ ጊዜ ሦስት ታማሚዎች ትንሹን መጠን ይጀምራሉ፤ ደኅና ከሆኑ ቀጣዮቹ ሦስቱ ከፍ ያለውን ይወስዳሉ። አንቺ ትንሹ ሊደርስሽ ይችላል። ይህን ደብቄ «ግቢ፣ ትድኛለሽ» ብልሽ ዋሸሁሽ ማለት ነው። ኢማቲኒብ የተባለው የደም ካንሰር ክኒንም እ.ኤ.አ. በ1998 በሰው ላይ መሞከር የጀመረው በትንሽ መጠን ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ ውስጥ ጸደቀ። ዛሬ አንድ ዓይነት የደም ካንሰር ያለባቸው ብዙዎች በየቀኑ እየዋጡት ለዓመታት ይኖራሉ።

«መሞከሪያ» የሚለው ቃል አያስደንግጥሽ። ፈቅደሽ ትገቢያለሽ፣ ባሻሽ ቀን ትወጫለሽ፤ በመውጣትሽ ሌላው ሕክምና አይከለከልሽም።

ጸሎቱን፣ ቅዱስ ቁርባኑን አትተዪ። ጸበል የምትጠጪ ከሆነ ለሐኪምሽ ንገሪ፤ ነጭ የደም ሴል ሲያንስ ተራ ጀርም እንኳ ይበረታልና። ክኒኑ ከምግብ ጋር የሚወሰድ ከሆነ ስለ ጾሙ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ፤ ቤተ ክርስቲያን በሽተኛን አታስጨንቅም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አንዳንዱ ክኒኑን በድብቅ ይተውና መዝገቡ ላይ «ወስጃለሁ» ብሎ ይጽፋል። ደምሽን በየሰዓቱ የሚቀዱሽ እኮ መድኃኒቱ ምን ያህል እንደገባ ለመለካት ነው። ያልዋጥሽውን ዋጥኩ ካልሽ፣ ከኋላሽ ለሚመጣው ታማሚ የሚሰጠው መጠን በዚያ ውሸት ሊሰላ ነው። ይህ ለንስሐ የሚያበቃ ኃጢአት ነው። ከረሳሽ «ረሳሁ» በያቸው፣ በቃ።