ከጎርፍ ማግስት መብራት፦ ስለ ተንቀሳቃሽ ሶላር ለጠየቃችሁኝ

ድሬዳዋ ውስጥ ሶላር ስገጥምና ስጠግን ዓመታት ቆጥሬያለሁ። ሰሞኑን ክረምቱ ሲቃረብ የሚደርሰኝ ጥያቄ በዝቷል። አብዛኛው ስለ ጎርፍ ነው። አንድ ላይ ልመልስላችሁ።

መብራት ቢጠፋም በማግስቱ ይመጣል። ለምን ብዬ ገንዘብ አወጣለሁ? (ከገንደ ቆሬ)

ወንድሜ፣ ተራ የመብራት መጥፋትና ጎርፍ ያጠፋው መብራት አንድ አይደሉም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ሲመጣ ከ200 በላይ ሰው አጥተናል። ብዙው ሰው ተኝቶ ነበር። የእኛ ጎርፍ ደግሞ ከደጋው ስለሚወርድ፣ እዚህ ጠብታ ሳይጥልም ሊደርስ ይችላል። ያን ጊዜ ምሰሶ ይወድቃል፣ ሽቦ ይበጠሳል። በጨለማ የጠፋ ልጅ የሚፈለገው በመብራትና በስልክ ነው። ለእኔ ሶላር ማለት መጀመሪያ እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ስንት ዋት ልግዛ?

ከመግዛትህ በፊት ወረቀት አውጣና አስላ። አንድ 5 ዋት የኤልኢዲ አምፖል 5 ሰዓት ቢበራ 25 ዋት ሰዓት ይበላል። አንድ ስልክ ሙሉ ለሙሉ ለመሙላት 15 ገደማ ያዝለት። ስለዚህ 4 አምፖልና 10 ስልክ 250 ዋት ሰዓት ይሆናል። 500 ዋት ሰዓት የሚይዝ የባትሪ ሳጥን ለአንድ ግቢ አንድ ሌሊት በደንብ ይበቃል። 100 ዋት ፓኔል በድሬ ጥሩ ፀሐይ በቀን 400 ገደማ ይሰጥሃል። ደመና ከሆነ ግን ሩቡን እንኳን ላይሰጥ ይችላል። ሒሳብህን በደመናው ቀን ሥራ።

እንጀራስ ያስጋግራል?

አያስጋግርም። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3000 ዋትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ሳጥኑ ጭነቱን ቢችል እንኳን 10 ደቂቃ ሳይሞላ ያልቃል። ለምግብ ከሰል ወይም ጋዝ አስቀምጡ።

እናቴ ኢንሱሊን ትወስዳለች። መብራት ሦስት ቀን ቢጠፋ ምን ላድርግ? (ከሳቢያን)

ይህን ጥያቄ ስለጠየቅሽ አመሰግናለሁ እህቴ፤ ብዙ ሰው አያስበውም። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቀመጥ አለበት። የቤት ፍሪጅ ለትንሽ ሳጥን ከባድ ነው፤ ሞተሩ ሲነሳ ብቻ ብዙ እጥፍ ይስባል። በ12 ቮልት የሚሠራ ትንሽ ፍሪጅ ግን 50 ዋት ገደማ ነው የሚወስደው። በእኛ ሙቀት በቀን ከ300 እስከ 500 ዋት ሰዓት ያዢለት። 1000 ዋት ሰዓት የሚይዝ ሳጥንና 200 ዋት ፓኔል ካለሽ አትጨነቂም። ለብቻሽ ከከበደሽ ከጎረቤት ጋር ግዙት፤ የአንድ ሰፈር መድኃኒት አንድ ፍሪጅ ውስጥ ይገባል። ይህም ከሌለ ኢንሱሊኑን የሸክላ ዕቃ ውስጥ ከተሽ፣ ዕቃውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለሽ ነፋስ የሚያገኘው ጥላ ላይ አስቀምጪው። እንደ ፍሪጅ አይሆንም፣ ከውጩ ሙቀት ግን ይሻላል። በረዶ ላይ በቀጥታ አታሳርፊው፤ መቀዝቀዙ ችግር የለውም፣ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ግን ይጣላል። ምን ያህል ቀን እንደሚቆይ ከአሁኑ ሐኪሟን ጠይቂ።

ፓኔሉን ወደ የት ላዙረው?

ሁሉም «ወደ ደቡብ» ይላል። ድሬ ላይ ግን ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው። ጎርፍ የምንፈራበት ጊዜ ማለት ነው። ተንቀሳቃሽ ከሆነ ከሞላ ጎደል አጋድመው፣ ዝናቡ አቧራውን እንዲያጥብ ትንሽ አዘንብለው። ቆርቆሮ ላይ አታጣብቀው፣ ከስሩ አየር ይለፍ። ፓኔል ሲግል ጉልበቱ ይቀንሳል። ባትሪው ደግሞ ጥላ ውስጥ ይሁን።

እድራችን ገንዘብ አለው። ለእያንዳንዱ ቤት ትንንሽ እንግዛ ወይስ አንድ ትልቅ? (ከአዲስ ከተማ)

አባቴ፣ የእኔ ሐሳብ ለየቤቱ አንድ ትንሽ የሶላር ፋኖስ፣ ለሰፈሩ ደግሞ አንድ ጥሩ ሳጥን ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የካሪቢያን ደሴት የሆነችውን ፖርቶ ሪኮን ማሪያ የተባለ አውሎ ነፋስ ሲመታት መብራቱ በሙሉ ወደ ቦታው ለመመለስ አንድ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር። አድሁንታስ በምትባል የተራራ ከተማ ግን ካሳ ፑዌብሎ የተባለ የማኅበረሰብ ማዕከል ጣሪያው ላይ ቀድሞ ሶላር ነበረው። ሰው ስልኩን ለመሙላት፣ የመተንፈሻ መሣሪያውን ለማስነሳት ወደዚያ ይጎርፍ ነበር። የሠራው ከአደጋው በፊት ስለተገጠመና ሰው ቤቱን ስለሚያውቀው ነው።

የተገላቢጦሹንም አይቻለሁ። አንድ መስሪያ ቤት በእርዳታ የተሰጠውን ሶላር እንድጠግን ጠርቶኝ ነበር። ዕቃው ከነካርቶኑ መጋዘን ውስጥ ከአንድ ዓመት በላይ ተቆልፎበታል። የአሲድ ባትሪ ነበር፣ ባዶውን ስለቆየ ሞቷል። ፓኔሎቹ አዲስ ናቸው፤ የሚሠራ ነገር ግን የለም። በጣም ነው ያዘንኩት።

ስለዚህ ከቻላችሁ ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለውን ባትሪ ግዙ፤ ሙቀትን ከሌሎቹ በተሻለ ይችላል፣ ዕድሜውም ይረዝማል። ከደቻቱ ዳር ራቅ ያለ፣ ከፍ ያለ ቤት ይቀመጥ። ቁልፉን ሁለት ሰው ይያዝ፤ አንዷ ሴት ብትሆን ጥሩ ነው፣ ሌሊት የምትመጣ እናት አታፍርም። በየወሩ ስብሰባ ቀን አውጥታችሁ አብሩት፣ ሁሉም ይየው። በአደጋው የመጀመሪያ ቀናት ስልክ መሙላት ነፃ ይሁን። ከዚያ በኋላ ትንሽ ሳንቲም ሰብስቡ፣ ለባትሪ መቀየሪያ ይሆናል።

በሶኬት በኩል ወደ ቤቱ መስመር ላገናኘው?

በፍጹም! ኃይሉ ወደ ውጭ መስመር ከወጣ ሽቦ የሚጠግነውን የመብራት ኃይል ሠራተኛ ይገድላል።

ጎርፍ የነካው ሶላር ይሠራል?

ፓኔሉ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ግን ፀሐይ እስካየ ድረስ፣ ቢሰበርም ኤሌክትሪክ ያመነጫል። መጀመሪያ በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፍነው፣ ከዚያ በደረቅ የጎማ ጓንት ንካው። ውሃ የገባበትን ሊቲየም ባትሪ ግን ደረቀ ብለህ ቻርጅ አታድርገው፤ ከቀናት በኋላም እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ከቤት አውጣው፣ ከልጆች አርቀህ ሜዳ ላይ አስቀምጠው፣ ባለሙያ ጥራ።