ሊሞት ሲል የታረደ በሬ፣ ሥጋው ይበላል ወይ?

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ ከሐብሩ ወረዳ፣ ከመርሳ አካባቢ ነው። ሰኔ እንደገባ አንዱ በሬዬ ጠዋት ደህና ሆኖ ወጥቶ ከሰዓት በኋላ ተንቀጠቀጠና ወደቀ። ነፍሱ ሳትወጣ ደርሰን ባረክነው። ደሙ ጥቁር ነበር፣ አልረጋም አለ። ጎረቤቱ ግማሹ መጋኛ ነው፣ ግማሹ የማሽላ ቡቃያ በልቶ ነው ይላል። ከሥጋው ጥቂት በላን፣ የቀረውን ቋንጣ ሰቀልነው። ቆዳውን ለምራንና ለጠፍር ብዬ ወጥሬዋለሁ። ዛሬ 5ኛ ቀኑ ነው። በሬውን የገፈፈው ታናሽ ወንድሜ ክንዱ ላይ የሚያሳክክ እብጠት ወጣበት፤ ግን አያመኝም ይላል። አንድ በሬ ቀርቶኛል፣ እርሻው ደግሞ ደርሷል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ የበሬው ነገር ይቆየን፣ የወንድምዎ ክንድ ይቅደም። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ሲደርስ "እብጠት ወጣብኝ" ብቻ ብሎ እንዳይመለስ። "ታሞ የታረደ በሬ ገፍፌ ነበር" ብሎ ይናገር። ይህን ካልሰማ ሐኪሙ እንደ ተራ ብጉንጅ ቆጥሮ ሊሸኘው ይችላል።

እኔን ያስፈራኝ "አያመኝም" የምትለዋ ቃል ናት። አባ ሰንጋ (አንትራክስ) የሚባለው ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ሰው ቆዳ ላይ ሲወጣ መጀመሪያ ትንኝ የነከሰው ይመስላል። ያሳክካል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ይፈነዳል፣ ከዚያ መሃሉ ይጠቁራል። ዙሪያው ያብጣል፤ ቁስሉ ግን አያምም። ሰውም ካላመመው ችላ ይለዋል። ብዙውን ጊዜ የሚታየው በሽታው ያለበትን ነገር ከነኩ ከ1 እስከ 7 ባሉት ቀናት ውስጥ ነው። የእናንተ 5ኛ ቀን መሆኑ ነው ያስቸኮለኝ። በጊዜ ከተደረሰበት በአንቲባዮቲክ ይድናል። ካልታከመ ግን ከ5 ሰው እስከ 1 ሰው ሊገድል ይችላል። በብረት መተኮስ፣ በምላጭ መብጣት አይሆንም፤ ጀርሙን ወደ ውስጥ መግፋት ነው። ጸበሉንም ዱዓውንም የሚከለክል የለም። መድኃኒቱ ግን አይቅር።

ሥጋውን የበላችሁም፣ ያረዳችሁም፣ የከተፋችሁም አብራችሁ ሂዱ። ልጆቹም ጭምር። አደጋ ላይ ለነበረ ሰው ሐኪሙ አስቀድሞ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል። ትኩሳት፣ ኃይለኛ የሆድ ቁርጠት፣ ማስመለስ ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የታየበት ሰው ካለ ሌሊትም ቢሆን አይደር።

አሁን ወደ በሬው። ሳላየው፣ ናሙናም ሳይመረመር "አባ ሰንጋ ነው" ብዬ አልምልም። ኮምቦልቻ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አለ፤ የወረዳው ባለሙያ ናሙና ወደዚያ መላክ ይችላል። የነገሩኝ ምልክት ግን ሁሉም ወደዚያው ያደላል። ደህና የነበረ ከብት በድንገት መውደቁ፣ ደሙ መጥቆሩና አለመርጋቱ፣ የገፈፈው ሰው ላይ እብጠት መውጣቱ። አባ ሰንጋ የገደለው ከብት ብዙ ጊዜ ከአፍንጫው፣ ከአፉ ወይም ከኋላው ደም ይወጣዋል። ቶሎ ይነፋል፣ ሰውነቱም እንደሌላው በድን አይደርቅም።

ማሽላ ነው ያሉት ጎረቤቶችዎም ዝም ብለው አላወሩም። በእናንተ ቆላ ለጋ የማሽላ ቡቃያ፣ በተለይ ድርቅ መትቶት የቀነጨረ ወይም ከተቆረጠ በኋላ ያቆጠቆጠ ከሆነ፣ ሲያናይድ የሚባለውን መርዝ ይዞ ከብት ይገድላል። ያኛው ግን ይለያል። ከብቱ ከማሳው ሳይርቅ በደቂቃዎች ውስጥ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ አረፋ ይደፍቃል፣ ይንገዳገዳል። ደሙም መጀመሪያ ላይ ደማቅ ቀይ ነው፣ ጥቁር አይደለም። ስለዚህ ቡቃያው ከጉልበት በላይ ሳያድግ ከብት አይግባበት። በሬዎን ግን የገደለው እሱ አይመስለኝም።

አባ ጎርባ የሚባለው ሌላው የከብት በሽታም በድንገት ይገድላል። እሱ የሚመርጠው ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ያለውን፣ ያውም የፋፋውን ወይፈንና ጊደር ነው። ያነክሳል፣ ጭኑ ወይም ትከሻው ያብጣል። እብጠቱን ሲጫኑት ከቆዳው ስር ንፋስ እንዳለበት ያስታውቃል።

ሳልሸፍን የምናገረው አንድ ጉዳይ አለ። ወሎ ውስጥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በክት አይበላም። ሞቶ የተገኘ ከብት ላይ ማንም እጁን አይሰድም። ጉዳቱ የሚመጣው ሊሞት ሲል ነው። በሬው ሲያጣጥር ሁሉም "ቢላዋ! ቢላዋ!" ይላል። ማን ይባርከው፣ ወደየት ይዙር እየተባለ ሩጫ ነው። ደሙ ከፈሰሰ በኋላ ሰው ሁሉ ተንፈስ ይላል፤ ቢያንስ ሥጋው ተረፈ ተብሎ። ምክንያቱ ይገባኛል። በሰኔ በሬ የሞተበት ሰው ሥጋውንም ጣለው ማለት ከባድ ነው። ነገር ግን ቢላዋው በሬውን ከበክትነት ያወጣዋል እንጂ ከበሽታው አያወጣውም። እኔ እስከማየው በየቀበሌው አባ ሰንጋን ወደ ሰው የሚያስገባው ይህ የመጨረሻ ሰዓት እርድ ነው።

ማረዱ ደግሞ በሽታውን ያሰራጨዋል። የአባ ሰንጋ ባክቴሪያ ባልተከፈተ በድን ውስጥ ከቆየ ሥጋው ሲበሰብስ በጥቂት ቀናት አብሮ ይሞታል። ደሙ ፈሶ አየር ሲያገኝ ግን ጠንካራ ሽፋን ለብሶ አፈር ውስጥ ይተኛል። እንዲህ ሆኖ ለአሥርት ዓመታት መቆየት ይችላል። ፀሐይና ድርቅ በቀላሉ አይገድሉትም። ለዚህ ነው ቋንጣው የማይታመነው፤ መድረቁ ጀርሙን አይነካውም። ወጥ ተሠርቶ ቢንተከተክም ሙሉ በሙሉ ይሞታል ብሎ መተማመን አይቻልም። በዚያ ላይ ሥጋው ድስት እስኪገባ ስንት እጅ ነካው?

ስለዚህ ቋንጣው ዛሬ ይውረድ። ቆዳውም ከውጥሩ ይውረድ። ምራን ቢሆን በየዓመቱ የሚጨብጡት እርስዎ ነዎት፣ አጎዛ ወይም ጄንዲ ቢሆን የሚተኛበት ልጅዎ ነው። ለቆዳ ነጋዴ ሰጥቼ ቢያንስ ጥቂት ብር ላግኝ ማለትም በሽታውን ኮምቦልቻ ድረስ መላክ ነው። ገደል ወይም ወንዝ ውስጥ እንዳይጥሉት፤ ውሻና ጅብ ይበትኑታል። የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይጥሩ። እሱን ካጡ ዲኤው (የቀበሌው የግብርና ልማት ሠራተኛ) ወይም የጤና ኤክስቴንሽኗ ይደውሉለት። ባለሙያው ባለበት ጓንት ተደርጎ፣ ጓንት ከጠፋ ወፈር ያለ ፌስታል በእጅ ላይ ታስሮ፣ ቁስል የሌለበት ሰው ይንካው። ይቃጠል፤ ካልሆነ 2 ሜትር በተቆፈረ ጉድጓድ ይቀበር። ደም የፈሰሰበት አፈር ተዝቆ እዚያው ይግባ። ላዩ ላይ እሾህ ይከመርበት። ቦታው ከወንዝና ከምንጭ የራቀ ይሁን፤ ከዚያ በኋላም አይታረስ፣ አይጋጥ። ቢላዋውና መጥረቢያው እሳት ውስጥ ገብተው ይጋሉ። ልብሱ ይቀቀል፤ አሮጌ ከሆነ አብሮ ይቃጠል።

ወደፊት እንዲህ ያለ ከብት ሲያጋጥም ቢላዋ አይነሳ። ከሞተ አይከፈት። ባለሙያው ከጆሮው ጥቂት ደም ወስዶ መመርመር ይችላል፤ ሆዱን መክፈት አያስፈልግም። ባለሙያው እስኪመጣ እሾህ ከልላችሁ ውሻ አባርሩ። የታመመች ላም ወተትም አይጠጣ።

"ለምን ሰኔ ላይ?" የሚል አይጠፋም። በረጅሙ በጋ ሣሩ አልቆ ከብቱ መሬቱን እየላሰ ይከርማል፣ ደረቁ ገለባም አፉን ይቧጥጠዋል። የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ጎርፉ አፈር ውስጥ የተኛውን ጀርም ጠርጎ ረባዳ ቦታ ላይ ያከማቸዋል። ለምለም ሣር ቀድሞ የሚበቅለውም እዚያው ነው። ሣሩ አጭር ስለሆነ ከብቱ ከነሥሩ፣ ከነአፈሩ ይነቅለዋል። በልግ በሚዘንብበት የወሎ አካባቢ ይህ በዓመት ሁለቴ ሊመጣ ይችላል።

መከላከያው ክትባት ነው። እዚሁ አገራችን ቢሾፍቱ ይመረታል። የሚሰጠው በዓመት አንዴ ሲሆን ዝናቡ ከመግባቱ ቢያንስ 1 ወር ቀደም ቢል ጥሩ ነው፤ ለክረምቱ ሚያዝያ መጨረሻና ግንቦት ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው። ክትባቱ ሕይወት ያለው ጀርም ነው፣ ግን የተዳከመ። ከገበያ ኦክሲ የሚባለውን አንቲባዮቲክ ገዝተው በዚያው ሰሞን ከወጉት ክትባቱን ራሱ ይገድሉታል፤ ከብቱ የተከተበ ይመስላል እንጂ አልተከተበም። ስለዚህ በራስዎ መርፌ አይውጉ። ባለሙያው የቀሩትን ከብቶች ሙቀት ይለካል። ትኩሳት ያለበትን መጀመሪያ ያክማል፣ ደህናውን ይከትባል። የታከመው ክትባቱን በኋላ ያገኛል። የተከተበ ከብት ደግሞ 6 ሳምንት ሳይሞላው አይታረድ።

ከብቶቹ በሬው ይግጥበት ከነበረው ቦታ ዛሬውኑ ይነሱ። ወደ ገበያም አይውጡ። "ሳይሞትብኝ ልሽጠው" የሚል ሐሳብ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ የሚገዛውም እንደ እርስዎ ያለ ገበሬ ነው።

የቀረው የእርሻው ጉዳይ ነው። አንድ በሬ የቀረው ሰው መቀናጆ መፈለጉ አይቀርም። በዚህ ሳምንት ግን አይሁን። በሬዎ ይከተብ፣ ከመጨረሻው ሞት በኋላ ቢያንስ 3 ሳምንት ሌላ ከብት ሳይታመም ይለፍ። ከዚያ አብሮዎት የሚቀናጀውን ሰው የእሱም በሬ መከተቡን ጠይቀው ይጥመዱ። እስከዚያው የተከተበ ጥማድ ያለው ዘመድ በደቦ ቢያርስልዎ ይሻላል። ካልተገኘና ረጅሙ ማሽላ ከዘገየብዎ፣ ቶሎ የሚደርስ የማሽላ ዘር ወይም ጤፍ ለማሳዎ ይሆን እንደሆነ ዲኤውን ያማክሩት።