ስሌቱ ወደ 3 ዓመት አለ፣ ኩሽኔታው ግን 4 ወር አልሞላውም

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ዕቃ ናቸው፤ ስለ ሲሊንደር ሮለር ኩሽኔታ። በኳስ ፈንታ ሲሊንደር ቅርጽ ያላቸው ሮለሮች የሚሽከረከሩበት ማለት ነው። ከባድ ጭነት ስለሚችል በትልልቅ ሞተር፣ በማርሽ ሳጥንና በባቡር ጎማ ላይ ይገኛል። ጥያቄዎቹ ይለያያሉ። እኔ ግን ለሁሉም የማነሳው አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ኩሽኔታው ላይ የሚያርፈውን ጭነት በትክክል ታውቁታላችሁ ወይ?

ጥያቄ፦ ፋብሪካ ውስጥ በጥገና ክፍል እሠራለሁ። በቺንጋ የሚዞር የፋን ሞተር አለን። የኩሽኔታውን ዕድሜ በካታሎጉ ቀመር ሳሰላው 24,000 ሰዓት ገደማ መጣልኝ። ቀን ከሌሊት ነው የሚሠራው፤ ግን 4 ወር ሳይሞላው ተበላሸ። የዋሸኝ ቀመሩ ነው ወይስ ዕቃው?

ሁለቱም ላይዋሹ ይችላሉ። የላኩልኝ ቁጥር እንዲህ ይላል፦ ካታሎጉ ላይ ያለው የመሸከም አቅም 50 ኪሎኒውተን፣ እርስዎ የገመቱት ጭነት 5 ኪሎኒውተን፣ ፍጥነቱ በደቂቃ 1,500 ዙር። አቅሙን ለጭነቱ ሲያካፍሉ 10 ይመጣል። ለሮለር ኩሽኔታ ይህ ቁጥር ወደ 10/3 ኃይል ከፍ ይላል (ለኳስ ቢሆን ኃይሉ 3 ነው)። ውጤቱ 2,154 ሚሊዮን ዙር፣ በሰዓት ሲለወጥ 24,000 ገደማ ነው። ስሌትዎ ትክክል ነው።

አሁን ጭነቱን 10 ኪሎኒውተን ያድርጉት። ዕድሜው ወደ 2,375 ሰዓት ይወርዳል፤ ሳይቆም ለሚሠራ ማሽን 99 ቀን ነው። ጭነቱ 2 እጥፍ ሲሆን ዕድሜው ወደ 10 እጥፍ ገደማ ያንሳል ማለት ነው። በቺንጋ በሚሠራ ሞተር ላይ ጭነቱን በእጥፍ ማሳደግ ደግሞ ከባድ አይደለም። ቺንጋው እንዳይንሸራተት ተብሎ ከልክ በላይ ሲወጠር ነገሩ አለቀ። ስለዚህ የመጀመሪያ ጥርጣሬዬ 5 የምትለዋ ቁጥር ላይ ነው። ቺንጋው ተለክቶ ነው የተወጠረው ወይስ በአውራ ጣት ተጭኖ?

ሁለተኛው ነገር፣ ያ 24,000 ሰዓት የእርስዎ ኩሽኔታ ዕድሜ አይደለም። የብዙ ኩሽኔታዎች ቁጥር ነው። ስዊድናዊዎቹ ሉንድበርግና ፓልምግሬን በ1947 ባወጡት ጥናት የዋይቡልን የስታቲስቲክስ ዘዴ ተጠቅመው ነው ቀመሩን ያቆሙት። ተመሳሳይ 100 ኩሽኔታዎች በተመሳሳይ ሁኔታ ቢሠሩ 90ዎቹ ይህን ሰዓት ያልፋሉ፤ 10ሩ ቀድመው ይበላሻሉ። ግማሾቹ የሚደርሱበት ዕድሜ ደግሞ የዚህን 5 እጥፍ ገደማ ነው። የእርስዎ ከ10ሩ አንዱ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛውና ሦስተኛውም እንዲሁ ቶሎ ካለቀ ግን ዕድል ነው ብለው አይለፉት።

ሦስተኛ፣ ቀመሩ የሚናገረው ስለ ብረት ድካም ብቻ ነው። ሮለሩ በላዩ ባለፈ ቁጥር ከመሮጫው ወለል ትንሽ ዝቅ ብሎ ብረቱ ይጨነቃል። ስንጥቁ ብዙ ጊዜ እዚያ ውስጥ ካለች ጥቃቅን ቆሻሻ ይጀምርና ወደ ላይ ወጥቶ ወለሉን ይልጠዋል። አቧራ ገብቶ፣ ግራሶ ደርቆ ወይም ኤሌክትሪክ አልፎበት ከተበላሸ ግን መነሻው ቀመር ስለዚያ ምንም አላለም። አይኤስኦ 281 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ቅባትንና ንጽሕናን የሚያስገባ ማስተካከያ አለው፤ ሁኔታው መጥፎ ከሆነ ዕድሜውን ወደ 1/10 ሊያወርደው ይችላል።

እንግዲህ የወጣውን ኩሽኔታ አይጣሉት። የውጭ ቀለበቱን በደንብ ጠርገው ብርሃን ላይ ይዩት። የቺንጋው ጉተታ አቅጣጫው አንድ ስለሆነ፣ ጤነኛ አሻራ (ሮለሮቹ የሮጡበት ምልክት) ከውጭ ቀለበቱ ግማሽ ገደማ ወይም ያነሰውን ብቻ ይይዛል፤ በውስጥ ቀለበቱ ላይ ግን ዙሪያውን ይታያል። የውጩም ዙሪያውን አሻራ ካለው ኩሽኔታው ከልክ በላይ ተጨናንቆ ገብቷል፣ ወይም ከሻፍቱ ጋር አብሮ የሚዞር ጭነት አለ። አሻራው አንድ ጠርዝ ላይ ብቻ ከከበደ ሻፍቱና ኩሽኔታው የተቀመጠበት ቤት አልተስተካከሉም። በእኩል ርቀት የተደረደሩ መስመሮች ካሉ ኤሌክትሪክ አልፎበታል፤ ሞተሩ በኢንቨርተር (በኤሌክትሮኒክ ፍጥነት መቆጣጠሪያ) የሚሠራ ከሆነ ይህን በተለይ ይፈልጉ። ከማንኛውም ስሌት በፊት ይህ ቀለበት ብዙ ይነግርዎታል።

ጥያቄ፦ ማሽናችን ግማሹን ጊዜ በ5፣ ግማሹን በ10 ኪሎኒውተን ነው የሚሠራው። አማካዩን 7.5 ብዬ ባሰላ ችግር አለው?

አለው። ድካሙ የሚከማቸው በ10/3 ኃይል ስለሆነ ከባዱ ሰዓት ከድርሻው በላይ ይበላል። እያንዳንዱን ጭነት ወደ 10/3 ኃይል ከፍ አድርገህ፣ አማካዩን ወስደህ፣ መልሰህ ወደ 0.3 ኃይል አውርደው። 7.5 ሳይሆን 8.4 ገደማ ይመጣል። አቅሙ 50 ኪሎኒውተን በሆነና በደቂቃ 1,500 ዙር በሚዞር ኩሽኔታ ላይ በ7.5 ብታሰላ 6,200 ሰዓት ታገኛለህ። ትክክለኛው 4,300 ገደማ ነው። የመለዋወጫ ግዢ ዓመት ሙሉ በሚፈጅበት ቦታ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ንዝረትም በዚሁ በር ነው ወደ ዕድሜ ስሌት የሚገባው፤ ሚዛኑን የሳተ ፋን በየዙሩ ተጨማሪ ጭነት ይጥላል፣ ፍጥነቱ 2 እጥፍ ሲሆን ያ ጉልበት 4 እጥፍ ይሆናል።

ጥያቄ፦ አዲስ ኩሽኔታ ገጥመን ንዝረቱን ስንለካ 140 ኸርዝ (በሰከንድ 140 ጊዜ) ላይ ጫፍ አየን። መጽሐፉ ይህን የውጭ ቀለበት ብልሽት ይለዋል። ገና ሳይሠራ እንዴት ተበላሸ?

ላይበላሽ ይችላል። የላካችሁትን ልኬት እንየው፦ 14 ሮለር፣ የአንዱ ዲያሜትር 10 ሚሊሜትር፣ የሮለሮቹ መሐል ክብ 50 ሚሊሜትር፣ ሻፍቱ በሰከንድ 25 ዙር። ሮለሮቹን የሚይዘው ኬጅ በሰከንድ 10 ጊዜ ይዞራል። ስለዚህ በውጭ ቀለበቱ አንድ ነጥብ ላይ በሰከንድ 140 ሮለር ያልፋል፤ በውስጥ ቀለበቱ አንድ ነጥብ ላይ ደግሞ 210። ሁለቱ ሲደመሩ 350 ይመጣሉ፤ ይህም 14 በ25 ነው። ስሌታችሁን ለማረጋገጥ ጥሩ ዘዴ ነው፤ ድምሩ ካልገጠመ አንድ ቦታ ተሳስታችኋል።

ታዲያ ጤነኛ ኩሽኔታ ለምን 140 ላይ ይናወጣል? ሻፍቱን በየቅጽበቱ የሚሸከሙት ጭነት ያለበት ዞን ውስጥ ያሉ ጥቂት ሮለሮች ናቸው። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። አንዴ 4፣ አንዴ 5 ሮለር ሲሸከም የኩሽኔታው ግትርነት ይለዋወጣል፣ ሻፍቱም በትንሹ ከፍ ዝቅ ይላል። ፍጹም ሆኖ የተሠራ ኩሽኔታም ከዚህ አያመልጥም። ሱነርሾ የተባለ ተመራማሪ በ1978 ይህንኑ በስሌትም በሙከራም አሳይቷል።

ብልሽት ከሆነ ግን ሮለሩ ጉድጓዱ ላይ ሲያልፍ ይመታዋል። ምቱ አጭርና ስለታም ስለሆነ በብዙ ሺህ ኸርዝ የሚቆጠሩትን የማሽኑን የተፈጥሮ ድምፆች ይቀሰቅሳል። የኤንቨሎፕ ትንተና የሚባለው ዘዴ እነዚያን ለይቶ ምቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ያወጣል። ስለዚህ ኤንቨሎፑን ውሰዱ። እዚያም 140፣ 280፣ 420 ተሰልፈው ከመጡ ተጠራጠሩ። ተራው ስፔክትረም (ንዝረቱ በፍሪክዌንሲ ተዘርዝሮ የሚታይበት ግራፍ) ላይ ብቻ ዝቅ ያለ ጫፍ ከሆነ ለቀጣይ ማነጻጸሪያ መዝግባችሁ ሥራችሁን ቀጥሉ። ሮለሮቹ ትንሽ ስለሚንሸራተቱ የምታገኙት ቁጥር ከስሌቱ 1 ወይም 2 በመቶ ቢዛነፍ አትደንግጡ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። የሲሊንደር ሮለር ኩሽኔታን ንዝረትና ዕድሜ በአንድ ሞዴል መሥራት እፈልጋለሁ። ዳታ የለኝም፤ ከኢንተርኔት ያገኘሁትን የኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ የተበላሹ ኩሽኔታዎች የንዝረት ዳታ ልጠቀም አስቤያለሁ። ከየት ልጀምር?

ከዳታው ልጀምርልህ። ያ ዳታ የተሰበሰበው ከኳስ ኩሽኔታ ነው። ብልሽቶቹም በኤሌክትሪክ ብልጭታ ሆን ተብለው የተቦረቦሩ ናቸው፤ ትንሿ ዲያሜትሯ 0.18 ሚሊሜትር ገደማ ናት። ኮድህ የብልሽት ፍሪክዌንሲን በትክክል ማውጣቱን ለመፈተሽ ግሩም ነው። ስለ ሮለር ድካም ግን አይነግርህም፤ እነዚያ ጉድጓዶች በድካም አልመጡምና።

ለሞዴሉ በ2 የነጻነት ዲግሪ ጀምር፦ ሻፍቱ ወደ ጎንና ወደ ላይ ብቻ ይንቀሳቀስ። በየቅጽበቱ የእያንዳንዱን ሮለር አንግል አስላና ሻፍቱ ወደዚያ አቅጣጫ ምን ያህል እንደተጠጋ እይ። ከዚያ ላይ በሮለሮቹና በቀለበቶቹ መካከል ያለውን የክፍተት ግማሽ ቀንስ። ውጤቱ ከዜሮ በታች ከሆነ ሮለሩ አልነካም፤ ጉልበቱ ዜሮ ነው። ከዜሮ በላይ ከሆነ ጉልበቱ የመጨመቁ መጠን በ10/9 ኃይል ነው። ብዙ ተማሪ እዚህ ጋ የኳሱን 3/2 ገልብጦ ያስገባል። አታድርገው። ሮለር የሚነካው በመስመር ነው፣ ኳስ በነጥብ።

አንድ ነገር ልብ በል። 10/9 ለ1 በጣም ቅርብ ነው፤ ስለዚህ መንካቱ ራሱ ቀጥተኛ ሊባል ይችላል። ሞዴልህን አስቸጋሪ የሚያደርገው ክፍተቱ ነው፤ መንካትና መልቀቅ። ክፍተቱን ስትለዋውጥ ንዝረቱ በድንገት ሲዘል ወይም ሥርዓት ሲያጣ ታያለህ። ቶሎ ግኝት ነው ብለህ አትጻፍ፤ መጀመሪያ የጊዜ እርምጃህን በግማሽ ቀንሰህ ድገመው። ዝላዩ ከጠፋ የሒሳብ ስህተት ነበር። ማርገቢያውን (ንዝረቱን የሚያበርደውን) ደግሞ ከሌላ ሰው ጥናት አትቅዳ፤ ከቻልክ በመዶሻ ሙከራ ለካው። የጫፎቹ ቁመት በዋናነት በሱ ነው የሚወሰነው።

ወደ ዕድሜ ስትሻገር ሮለሩን በርዝመቱ ወደ ቀጫጭን ቁራጮች ክፈለው። አይኤስኦ 16281ም የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው። ይህን ካላደረግህ መዛነፍን አታየውም። የሲሊንደር ሮለር ኩሽኔታ የሚታገሰው ማዘንበል ከ3 እስከ 4 የአንግል ደቂቃ ብቻ ነው፤ 4 ደቂቃ በ100 ሚሊሜትር ርዝመት 0.12 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ከዚያ ካለፈ ጭነቱ ጠርዝ ላይ ይከመራል፤ ሮለሮች ወደ ጫፋቸው በጥቂት ማይክሮን እንዲቀጥኑ የሚደረገውም ለዚህ ነው። የየቁራጩን ጭነት ይዘህ ወደ ዕድሜ ቀመር ግባ። የንዝረቱን ቁመት በቀጥታ ወደ ሰዓት የሚለውጥ ቀመር ካየህ ግን ራቀው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ጭነቱ ነው፤ ሌላ አቋራጭ የለም።

ጥያቄ፦ ሞተራችን በቺንጋ ሲሠራ ሰላም ነበር። ቺንጋውን አውጥተን በኮፕሊንግ ቀጥታ ካገናኘነው ወዲህ ይጮሃል፤ ኩሽኔታ ብንቀይርም ያው ነው። ጭነቱ ቀንሶለት ለምን?

ጭነቱ ስለቀነሰ ነዋ! ሮለር ኩሽኔታ ጭነት ሲበዛበት ብቻ ሳይሆን ሲያንስበትም ይጎዳል። ልማዳዊው መለኪያ ቢያንስ ከአቅሙ 2 በመቶ ጭነት ይኑረው ይላል። አቅሙ 50 ኪሎኒውተን ከሆነ 1 ኪሎኒውተን ማለት ነው። የሞተሩ ሮተር 60 ኪሎ ቢመዝን በአንዱ ጫፍ የሚያርፈው 0.3 ኪሎኒውተን ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ሮለሮቹ ከመንከባለል ይልቅ ይንሸራተታሉ፣ ወለሉንም ይፍቁታል። በዕድሜ ቀመሩ ብታሰሉት ለዘላለም ይኖራል ይላችኋል፤ በተግባር ግን ቶሎ ይሞታል።

መፍትሔው ብዙ ጊዜ ርካሽ ነው። ያላችሁ ኤንዩ 210 የተባለው የሲሊንደር ሮለር ኩሽኔታ ከሆነ 6210 የኳስ ኩሽኔታ ልኬቱ አንድ ዓይነት ነው፤ 50 በ90 በ20 ሚሊሜትር። ግን ኤንዩው ሻፍቱ ሲሞቅ እንዲረዝም ውስጡ ይንሸራተትለት ነበር፤ ኳሱ ይህን አያደርግም። የውጭ ቀለበቱ ቤቱ ውስጥ መንሸራተት መቻሉን ሳታረጋግጡ አትግጠሙት። ቺንጋውን ወደፊት የምትመልሱት ከሆነም ለሚገጥመው ሰው ንገሩት።

ጥያቄ፦ ኩሽኔታው ላይ ሲ3 ተጽፏል። ሲ3 የሌለውን ብገዛስ?

ሲ3 ውስጣዊ ክፍተቱ ከመደበኛው ሰፋ ያለ ማለት ነው። ሞተር ውስጥ የውስጥ ቀለበቱ ከውጩ በላይ ስለሚሞቅና ሻፍቱ ላይ ተጠብቆ ስለሚገባ ክፍተቱ ይጠባል። ጠባቡን ከገጠምክ ሲሞቅ ሊነክስ ይችላል። ሻጩ "ያው ነው" ቢልህም የተጻፈውን ግዛ።

ጥያቄ፦ ከጂቡቲ በመኪና የመጣ አዲስ ሞተር በተነሳ ቀን ጮኸ። ይቻላል?

ይቻላል። ሻፍቱ ሳይዞር በመንገድ ሲናጥ ሮለሮቹ ባሉበት ቦታ ወለሉን ይፍቁታል፤ በሮለሮቹ ርቀት ልክ የተደረደሩ አሻራዎች ይቀራሉ። ሮለር ኩሽኔታ ያላቸው ሞተሮች ሻፍታቸው በማሰሪያ ተቆልፎ የሚላከው ለዚህ ነው። ማሰሪያው ለጉምሩክ ፍተሻ ወይም ለሌላ ምክንያት ከተፈታ ተመልሶ ይታሰር።

ጥያቄ፦ ብልሽቱ በንዝረት ታይቷል። ስንት ቀን ቀረው?

የካታሎጉ ዕድሜ እዚህ አይረዳዎትም፤ እሱ ማሽኑ ከመሠራቱ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። አሁን መከታተል ያለብዎት የመላጡን ፍጥነት ነው። በመጀመሪያ ብልሽቱ ኤንቨሎፕ ላይ ብቻ ይታያል። ቀጥሎ ተራው ስፔክትረም ላይ ይወጣል። ከዚያ በጫፎቹ ግራና ቀኝ በሻፍቱ ፍጥነት ርቀት ትንንሽ ጫፎች ይበቅላሉ። በየወሩ ይለኩ ከነበረ በየሳምንቱ ያድርጉት፣ በየጊዜውም በአንድ ዓይነት ጭነትና ፍጥነት።

አንድ ወጥመድ አለ። ኩርቶሲስ የሚባለው የምት መለኪያ በጤነኛ ኩሽኔታ 3 ገደማ ነው፤ መላጥ ሲጀምር ይወጣል። ብልሽቱ ሲሰፋና ጠርዞቹ ሲለዝቡ ግን ተመልሶ ወደ 3 ሊወርድ ይችላል። "ተሻለው" ተብሎ ማሽኑ የሚለቀቀው እዚህ ጋ ነው። ኩርቶሲሱ ሲወርድ አጠቃላይ ንዝረቱና ሙቀቱ እየጨመሩ ከሆነ አልተሻለውም፤ በመጀመሪያው ማቆሚያ ቀን ይቀይሩት።