መዋጮውን ልክፈል ወይስ ልተወው ላለችኝ ልጅና ለእኩዮቿ

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ወጣት ጠየቀችኝ። ሐይቁ ዳር ካለችው ሻይ ቤት ስንወጣ ነው። በማኅበራችን ውስጥ በዕድሜ ትንሿ እሷ ናት። ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። አያቷ ትተውላት ያለፉትን አንድ ጣሳ ሙሉ ሳንቲም ይዛ ወደ እኛ ከመጣች ሁለት ዓመት ሆናት። «ጋሼ፣ ዘንድሮ መዋጮውን ልክፈል ወይስ ልተወው? እውነቱን ይንገሩኝ» አለችኝ።

«እስቲ ላስብበት» ብያት ተለያየን። ማታ ግን እንቅልፍ እንቢ አለኝ። እሷ የጠየቀችኝ ስለ 300 ብር ነው። እኔ ሳስብ ያደርኩት ከብዙ ዓመት በፊት ሳልከፍለው ስለቀረሁት የ12 ብር ዕዳ ነው።

ነገሩን ለማታውቁ፣ የእኛ የቴምብርና የአሮጌ ገንዘብ ሰብሳቢዎች ማኅበር ነው። በደህናው ጊዜ አርባ ያህል ነበርን። ዛሬ መዝገብ ላይ ያለነው አሥራ አንድ ነን፣ ቅዳሜ የሚመጣው አምስት ወይም ስድስት ነው። ኪራይ ስለከበደን ክፍላችንን ለቀን ሻይ ቤት ገባን። ያለን ንብረት አንድ የብረት ቁም ሳጥን ሲሆን እሱም እኔ ቤት ሳሎን ውስጥ ቆሟል። መስከረም ሲጠባ መዋጮ ይታደሳል፤ መስከረም በጠባ ቁጥር ደግሞ አንድ ሁለት ሰው ይቀራል። ስለዚህ የልጅቷ ጥያቄ አላስከፋኝም። ብሩም የላቧ ነው፣ ቅዳሜውም የእሷ ነው።

እኔ ቴምብር የጀመርኩት በልጅነቴ ነው። የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ስለነበር የሩሲያ አስተማሪዎች ከተማችን ውስጥ ይኖሩ ነበር። ደብዳቤ ይመጣላቸዋል። እኛ ልጆች ፖስታውን እየለመንን ቴምብሩን እንቆርጥ ነበር። ጋጋሪን ያለበት አንድ ነበረኝ፤ ለእሱ ስል ሁለት ጊዜ ተደባድቤያለሁ። የዘንባባው ጥላ፣ ብስክሌቱ፣ ከሐይቁ የሚመጣው የማታ ንፋስ አሁንም ከዚያች ቴምብር ጋር አብሮ ነው የሚታየኝ። ወደ ጉዳዬ ልመለስ።

ማኅበሩ ውስጥ የገባሁት አድጌ፣ ቀያሽ ሆኜ መንገድ ሥራ ላይ ስዞር ነው። ሊቀ መንበራችን ከፖስታ ቤት ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ነበሩ። እንደሳቸው የሚያስተምር ሰው አላጋጠመኝም። ቴምብር በጣት ሲነካ ካዩ ፊታቸው ይለወጣል፤ ወረንጦውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ዝም ብለው ይሰጡሃል። የምኒልክን የመጀመሪያ ቴምብሮች፣ በ1880ዎቹ ፓሪስ የታተሙትን ሰባቱን፣ በቃላቸው ይዘረዝሯቸው ነበር፤ በአነስተኛ ዋጋ የሚሸጡት አራቱ ላይ የንጉሡ ምስል፣ ከፍተኛ ዋጋ ያላቸው ሦስቱ ላይ አንበሳው።

አንድ ቀን የአሮጌ ፖስታ ፎቶ አሳዩን። የእኛም የጅቡቲም ቴምብር ተለጥፎበታል። «ለምን ሁለት አስፈለገው?» ብለው ጠየቁን። ማንም አላወቀም። አገራችን የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1901 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የእኛ ቴምብር ብቻውን ከአገር ሲወጣ ዋጋ ስለሌለው፣ ወደ አውሮፓ የሚሄድ ደብዳቤ ያኔ ጅቡቲን ይገዙ የነበሩት የፈረንሳዮቹም ቴምብር ያስፈልገው ነበር። ባለፈው ወር ልጅቷ በስልኳ ተመሳሳይ ፎቶ አሳይታ ይህንኑ ስትጠይቀኝ የመለስኩላት የሳቸውን ቃል ነው።

ሁሉን ነገር ደብተር ላይ ይጽፉ ነበር። እያንዳንዱ ፖስታ ጥግ ላይ ቁጥር አለው፤ ደብተሩ ላይ በዚያ ቁጥር ሥር ማን እንደሰጣቸው፣ ከየት እንደመጣ፣ ላኪው ማን እንደነበር ይሰፍራል። ከሁሉ የምወደው ከዳንግላ የተላከ አንድ ፖስታ ነበር። ከጣሊያን ወረራ በፊት ዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስላ ነበረባት፤ ቺዝማን የሚባለው ቆንስል ጣናንና ዓባይን እየዞረ የለካውና ካርታ ያነሳው በዚያ ጊዜ ነው። እኔም ቀያሽ ነኝና ነገሩ አጥንቴ ውስጥ ገባ። ሽማግሌው የፖስታውን ታሪክ አንድ ቅዳሜ ከደብተሩ አነበቡልን። በግማሽ ጆሮ ሰማሁ፤ ሌላ ቀን እቀዳዋለሁ አልኩ።

በ1988 ዓ.ም. ማኅበሩ ውስጥ ጭቅጭቅ ተነሳ። ስብሰባ ላይ መሸጥ ይፈቀድ አይፈቀድ የሚል ነበር። አንዳንዱ ተቆጥቶ ቀረ። ሰባት ስምንት ሆንን። እኔ ደግሞ ሳምንቱን በመስክ አሳልፌ የማርፈው ቅዳሜ ብቻ ነው። ያሉትን ቴምብሮች ሁሉ አይቻቸዋለሁ፣ ወሬው ያው ነው፣ ከዚህ በኋላ ምን አገኛለሁ ብዬ ደመደምኩ። መዋጮው በወር አንድ ብር፣ በዓመት 12 ብር ነበር። የገንዘብ ጉዳይ አልነበረም። መልቀቄን ግን ለሽማግሌው ፊት ለፊት መናገር ከበደኝና መጥፋትን መረጥኩ።

ነሐሴ ውስጥ፣ ዝናቡ በሚወርድበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ በራችን ተንኳኳ። ድምፃቸውን ከጓዳ ሆኜ ለየሁት። ያኔ ስድስት ዓመቷ የነበረችውን ልጄን ጠርቼ «አባዬ የለም በያቸው» አልኳት። ሄዳ አለቻቸው። በመጋረጃው ቀዳዳ አየኋቸው። ዣንጥላቸው አንድ ጎኑ ተሰብሯል፣ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ርሷል። ልጅቷን ራሷን ዳበስ አደረጓት። ከውስጥ ኪሳቸው በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አውጥተው ሰጧት፤ ቀስ ብለው ሄዱ።

ወረቀቱ ደረሰኝ ነበር። በስሜ የተጻፈ፣ የ1989 ዓ.ም. የአባልነት መዋጮ፣ ብር 12፣ ተከፍሏል ይላል። ከጡረታ ደመወዛቸው ከፍለውልኝ ነው። አፈርኩ። መስከረም ላይ ሄጄ እመልስላቸዋለሁ ብዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። መስከረም የመስክ ሥራ መጣ። ጥቅምትም አለፈ። የጥምቀት ሰሞን አረፉ። ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ ያለቀስኩት ለሳቸው ብቻ አልነበረም።

ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ የመጀመሪያ ልጃቸው ፈልጎ አገኘኝ። ሽምብጥ ሰፈር ያለው ቤታቸው ለሐይቁ ቅርብ ነው። አልበሞቹ በካርቶን ሆነው ወለል ላይ ተቀምጠው ነበርና እርጥበቱ ገብቶባቸዋል። ቤተሰቡ ምን እንደሆኑ አያውቅም። «አባታችን የእርስዎን ስም ያነሱ ስለነበር ይዩልን» አለኝ። አልበሙን ልገልጥ ብዬ እንቢ አለኝ። ገጾቹ በቴምብሮቹ ሙጫ ተጣብቀው አንድ ላይ እንደ ጡብ ሆነዋል።

ሦስት ወር ሠራሁበት። ለብ ባለ ውሃ ነክሬ፣ ራሱ እስኪላቀቅ ጠብቄ፣ በንጹሕ ወረቀት መሃል አድርጌ፣ ከባድ መጽሐፍ ጭኜ። ማኅተም ያረፈባቸው አገልግሎት ላይ የዋሉት ብዙዎቹ ዳኑ። ያልተለጠፉት አዲሶቹ ሙጫቸው ጠፋ፣ አንዳንዱ ቀለሙን ለቀቀ። እሱንም እንኳ ልቻለው። ደብተሩን ስከፍት ግን እጄ ተንቀጠቀጠ። በብዕር ቀለም ነበር የተጻፈው። ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ብቻ። የዳንግላው ፖስታ ተርፏል፤ አድራሻው ሙሉ በሙሉ ፈሷል። ጥጉ ላይ በእርሳስ የተጻፈችው 214 የምትለው ቁጥር ግን ልክ ዛሬ የተጻፈች ይመስል ቁልጭ ብላ ትታያለች። ደብተሩ ላይ 214 የት እንደነበረች እንኳ አይለይም።

እኔ ቀያሽ ነኝ። የመስክ ደብተር በእርሳስ እንደሚጻፍ፣ እርሳስ ዝናብ እንደማይፈራ፣ የመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ላይ የተማርኩት ነገር ነው። ያን ሁሉ ዓመት አጠገባቸው ተቀምጬ ሲጽፉ አይቻለሁ፤ አንድ ቀን «በእርሳስ ቢያደርጉትስ?» አላልኩም። ምን አገኛለሁ ብዬ ስወጣ፣ ምን ሳልሰጥ እንደወጣሁ አልታየኝም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

አሁን ወደ እናንተ። የማኅበሩን ሂሳብ ጠይቁ፣ ደንቡን አንብቡ አልላችሁም፤ እሱን ታውቃላችሁ። እኔ የምለው፣ የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ማን ጋ እንዳለ ጠይቁ። መዝገቡን ማን እንደሚጽፍ፣ በምን እንደሚጽፍ፣ ያ ሰው ቢታመም ቀጥሎ የሚያውቀው ማን እንደሆነ ጠይቁ። እኔን ጨምሮ ደንግጦ ዝም የሚል ሰው ካገኛችሁ፣ እዚያ ቦታ ሥራ አላችሁ ማለት ነው።

ለይሉኝታ ብላችሁ ግን አትክፈሉ። በይሉኝታ የሚከፍል ሰው ሁለት ቅዳሜ ይመጣና ይጠፋል፤ ከእሱ በግልጽ የሚሰናበት ይሻለኛል። ይህን እላለሁ፣ እኔ ራሴ ግን መምጣት ያቃታቸውን የሁለት አዛውንቶች መዋጮ በየዓመቱ እከፍላለሁ፤ ስማቸው ከመዝገብ ሲሰረዝ ማየት አልችልም። ሁለቱ ነገር አይገጥምም ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ሁለቱንም ግን አልተውም።

ደግሞ አንድ ነገር ልናገር። የዛሬ ልጆች ዋጋ መጠየቅ ታበዛላችሁ። ማርትሬዛ ብር ያገኘ ሁሉ «ጋሼ፣ 1780 ይላል፣ ስንት ሚሊዮን ያወጣል?» ብሎ ይደውልልኛል። ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በፈረንጆቹ 1780 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ብሩ ሲመታ የኖረው ያንኑ ዓመት እንደያዘ ነው። የጃንሆይ ሳንቲሞችም እንዲሁ፣ 1936 የሚለው ዓመት ላይ ቆመው ለብዙ ዓመት ታትመዋል። 25 ሳንቲሙ ክብም አለ፣ ሲመታ ጀምሮ ዙሪያው የተሸራረፈም አለ፤ ሁለቱም 1936 ይላሉ። ይህን የሚያውቅ ሰው አጠገብ ሁለት ቅዳሜ መቀመጥ፣ ቴሌግራም ላይ ሁለት ዓመት ዋጋ ከመጠየቅ ይበልጣል። በሎሚና በአመድ አትፈትጓቸው፣ እባካችሁ። የዘመን መልካቸው አንዴ ከተገፈፈ አይመለስም።

እንዲህ ብዬ ስወቅሳችሁ ደግሞ ትዝ የሚለኝ አለ። እኛ ሽማግሌዎቹ ሃያ ዓመት ሙሉ ዝርዝር እናውጣ እያልን ስንሰበሰብ ኖረን፣ ይህችው ልጅ ባለፈው ግንቦት በሁለት ቅዳሜ ብቻ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ያለውን በሙሉ በስልኳ ፎቶ አነሳችው። 214ንም አነሳቻት። «ይቺ ቁጥር ምንድናት?» ብላ ስትጠይቀኝ «ረጅም ነው፣ ሌላ ቀን እነግርሻለሁ» አልኳት። ይኸው አሁን ነገርኩሽ።

መልሴም ይኸው፣ ልጄ። እኔ ባንቺ ቦታ ብሆን ለአንድ ዓመት እከፍላለሁ። ለአሥር ዓመት አልልሽም፣ ማኅበሩ አሥር ዓመት ይቆይ አይቆይ አላውቅምና። ለመልቀቅ ከወሰንሽም አልቀየምሽም፤ ብቻ ቤቴ መጥተሽ ንገሪኝ፣ ቡና እናፈላለን። ልጅሽን «የለችም በዪ» የምትዪበት ቀን እንዳይመጣብሽ ነው።

ከፈልሽም አልከፈልሽም ቅዳሜ ብቅ በዪ። አዲስ ደብተር ገዝቻለሁ፣ አራት እርሳስም አለ። ከዳንግላው ፖስታ ታሪክ በጆሮዬ የቀረውን ያህል እነግርሻለሁ፣ አንቺ ትጽፊዋለሽ። ትናንት ገበያ ወርጄ የቁም ሳጥኑን ሁለተኛ ቁልፍ አስቀርጫለሁ። በቀይ ክር አስሬ ከዚያ ደረሰኝ ጋር መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።