መልስ፦ የሰሜኑን ብርሃን በስልክ ስለ ማንሳት

በጥር ወር ወደ ኖርዌይ፣ ትሮምሶ እንደሚሄዱ ገልጸው፣ የሰሜኑን ብርሃን (አውሮራ፣ በዋልታው አካባቢ ሌሊት ሰማይ ላይ የሚታየውን ባለቀለም ብርሃን) በስልክ ማንሳት ይቻል እንደሆነና አስቀድመው ደብረ ብርሃን አካባቢ መለማመድ ይችሉ እንደሆነ ጠይቀዋል። ማንሳቱ ይቻላል። ብርሃኑን ግን እዚህ አያገኙትም፤ ከፀሐይ የሚመነጩት ቅንጣቶች በምድር መግነጢሳዊ መስክ እየተመሩ ወደ ዋልታዎቹ አካባቢ ስለሚወርዱ፣ ከምድር ወገብ 10 ዲግሪ ገደማ ብቻ በሚርቀው በሰሜን ሸዋ ሰማይ ላይ አይታይም።

ልምምዱን በከዋክብት ያድርጉት። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት የሚልባቸው ወራት ስለሆኑ፣ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ከከተማው መብራት ራቅ ብለው ስልኩን በትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ላይ ያቁሙ፤ በአካባቢው ያለውን የጣርማ በር ከፍታ ግን አልመክርም፣ ጉሙ ያስቸግራል። ፍላሹን አጥፍተው በፕሮ ሞድ (ቅንብሩን በራስዎ በሚመርጡበት የካሜራ ክፍል) አይ ኤስ ኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 1600፣ የሹተሩን ጊዜ (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 10 ሴኮንድ፣ ፎከሱን ደግሞ በእጅ እስከ መጨረሻው ርቀት ያድርሱት። ሲነኩት እንዳይነቃነቅ የ3 ሴኮንድ ታይመር ይጠቀሙ። ከዚያ ምስሉን አስፍተው ይመልከቱ፤ ኮከቡ እንደ ነጥብ ካልጠበበና እንደ ጭጋግ ከተበተነ ፎከሱ ገና ነው።

ትሮምሶ ላይ ብርሃኑ ፈጥኖ ሲወዛወዝ ሹተሩን ወደ 2 ወይም 3 ሴኮንድ ያሳጥሩት፤ አለበለዚያ መጋረጃ የመሰለው እጥፋት ተደባልቆ አረንጓዴ እድፍ ብቻ ይቀራል። ብርድ ባትሪ ይጨርሳልና በየመሀሉ ስልኩን ከካፖርትዎ ውስጥ ያሙቁት፤ ይህንንም ቢሆን የደብረ ብርሃን ውርጭ በሚገባ ያለማምድዎታል።