ሰኔ ሳይገባ፦ ለንብ ስለሚዘራ አበባ ጥያቄዎቻችሁ

ክረምት ሲቃረብ የአበባ ዘር ጥያቄ ይበዛል። ዛሬ ንብና ሌሎች ጠቃሚ ነፍሳትን ስለሚጠራ የአበባ ድብልቅ ከጠየቃችሁኝ አራቱን መርጫለሁ።

«ጓሮዬ ሁለት ሜትር በሦስት ሜትር ነው። ምን ከምን ጋር ቀላቅዬ ልዝራ?» (ከአዲስ አበባ)

ከአበባው ውበት በፊት የሚፈካበትን ወር ይመልከቱ። በመስከረም ሜዳው በአደይ አበባ ተሞልቶ ንብ ትጠግባለች፤ የሚቸግራት ዶፍ ሲወርድና በጋው ሲረዝም ነው። ስለዚህ አደይ፣ ኑግ፣ ሱፍና ድንብላል ቀላቅለው በመሃል ይዝሩ፤ ከዳር ዳር እንስላል፣ በሶብላና ጦስኝ ይትከሉ። በሶብላ በበጋም ትንሽ ውሃ ካገኘ ማበቡን አያቆምም፤ ቅጠሉን ለወጥ ሲቀጥፉ ግማሹን ለአበባ ይተዉለት።

ደቃቁ ዘር አንድ ቦታ እንዳይከመር ከደረቅ አሸዋ ጋር አደባልቀው እንደ ጤፍ በትነው ይዝሩት፤ በላዩ ስስ አፈር ብቻ ይበቃዋል። የአበባ ቅጠላቸው የተደራረበ የጌጥ አበቦች ለዓይን ያምራሉ እንጂ ንቧ ወደ ውስጣቸው መግቢያ አታገኝም። ከጓሮው ጥግም ያልተቆፈረ፣ ያልተሸፈነ መሬት ይተዉ። ብቻቸውን የሚኖሩ ብዙ የንብ ዓይነቶች ጎጇቸውን የሚሠሩት አፈር ውስጥ ነው።

«ጎመኔን ክሽክሽ ፈጀው። አበባ መትከል ያድነዋል የሚሉት እውነት ነው?» (ከቢሾፍቱ)

እውነት ነው፤ ግን በአንድ ሳምንት አይሆንም። የቅጠል ጭማቂ የሚመጥጠውን ደቃቅ ተባይ፣ ክሽክሽን፣ ከሚያጠፉት መካከል ሁለቱን ይወቁ፦ ቀይ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ጥንዚዛ፣ እንዲሁም ንብ የምትመስልና አየር ላይ ቀጥ ብላ የምትቆም ዝንብ። ጥንዚዛዋ ራሷ ክሽክሽ ትበላለች። ዝንቧ ግን አበባ ቀሳሚ ናት፤ ክሽክሹን የሚበላው ልጇ ነው። ስለዚህ ከጎመኑ አጠገብ የምትቀስመው ካላገኘች እንቁላል ለመጣል አትቆይልዎትም። አፏ አጭር በመሆኑ ጥልቅ አበባ አይመቻትም፤ የድንብላልና የእንስላል ትንንሽ ክፍት አበቦች ይመቿታል። በየሦስት ሳምንቱ አንድ መስመር ድንብላል ይዝሩ፤ አንዱ ሲያፈራ ሌላው ያብባል።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምለምንዎት ነገር አለ። የዝንቧ ልጅ እግር የሌላት ነጣ ወይም አረንጓዴ ያለች ትል ናት። የጥንዚዛዋ ልጅ ጥቁር፣ ብርቱካንማ ነጥብ ያላት፣ ሸካራ ነገር ናት። ብዙ ሰው ተባይ እየመሰሉት በጣቱ ይጨፈልቃቸዋል። አይንኳቸው። እስኪበረክቱ ድረስ ክሽክሹን በኃይለኛ ውሃ ከቅጠሉ ሥር ያጥቡት። ማላታዮን የተባለውን የተባይ መድኃኒት ቢረጩ ሁሉንም ይገድላሉ፤ ቶሎ ተራብቶ የሚመለሰው ግን ክሽክሹ ነው።

«ጎረቤቴ ቀፎዎቹን ከኑግ ማሳዬ ዳር ደረደረ። ንቦቹ አበባውን መጥጠው ምርቴን አይቀንሱብኝም?» (ከባሕር ዳር አካባቢ)

ጎረቤትዎን ያመስግኑት። ኑግ በራሱ የአበባ ብናኝ ፍሬ መያዝ የሚቸግረው ሰብል ነው፤ የአንዱ ተክል ብናኝ ሌላው ተክል ላይ መድረስ አለበት፤ ይህን በዋናነት የሚሠሩለት ንቦች ናቸው። የግድ መድኃኒት መርጨት ካለብዎ ግን አበባ ላይ ባለ ሰብል አይሁን፤ ንቦቹ ከገቡ በኋላ ወደ ምሽት ያድርጉት፤ ለጎረቤትዎም ከአንድ ቀን በፊት ይንገሩት።

«ከወፍ ምግብ መሸጫ ኑግ ገዝቼ ዘራሁ፤ አንድም አልበቀለም። አደይ የሚያስታውሰኝ ቢጫ አበባ ማሳደግ እፈልጋለሁ።» (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ወደ አሜሪካ ለወፍ ምግብ የሚገባው ኑግ የአረም ዘር ይዞ እንዳይበቅል አስቀድሞ በሙቀት ይታከማል፤ ስለዚህ ለዘር አይሆንም። ለናፍቆትዎ እዚያው አገር የበቀለው «ብላክ አይድ ሱዛን» ይሻላል። ከ1918 ጀምሮ የሜሪላንድ ግዛት አበባ ነው፤ ቢጫው ደማቅ፣ መሃሉ ጥቁር ቡናማ ሲሆን ከጁን አንስቶ እስከ ሴፕቴምበር ይፈካል፤ እንቁጣጣሽ ላይ ይደርስልዎታል ማለት ነው። የአካባቢው ንቦችም ያውቁታል። ዘሩን በመጸው መጨረሻ ወይም በጸደይ መጀመሪያ ይበትኑት፤ በመጀመሪያው ዓመት ቅጠል ብቻ ቢያወጣ አይንቀሉት፤ ብዙ ጊዜ የሚያብበው በሁለተኛው ዓመት ነው።