ለአጭሩም ለረጅሙም መቺ

ውድ ወጣቶች፣

የቤዝቦል መቺዎችን፣ ማለትም የተወረወረ ኳስ በዱላ የሚመቱ ተጫዋቾችን፣ ሳሠለጥን ብዙ ዓመታት አልፈዋል፤ ከእናንተ ደጋግሞ የሚደርሰኝም «ቁመቴ አጭር፣ ሰውነቴም ቀጭን ነውና ኳሱን ከአጥር ማዶ ማሳረፍ እችል ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ነው። ግዝፈት እንደሚረዳ አልሸሽጋችሁም። እ.ኤ.አ. በ2022 ዓ.ም. 62 ሆም ራን (ከአጥር ማዶ የሚያርፍ ምት) የመታው አሜሪካዊው ተጫዋች አሮን ጀጅ ቁመቱ 2 ሜትር ያህል ነው፤ ረጅም ክንድና ብዙ ጡንቻ ያለው ሰው ዱላውን ለማፍጠን ብዙ አቅም አለው። ይሁን እንጂ ሃክ ዊልሰን በ1 ሜትር ከ68 ሳንቲሜትር ቁመቱ እ.ኤ.አ. በ1930 ዓ.ም. 56 ሆም ራን መትቷል፤ በተጫዋችነት ዘመኑ ሁሉ 755 የመታው ሃንክ አሮንም ክብደቱ 82 ኪሎ ገደማ እንደነበር ተመዝግቧል።

ነገሩ የሚገባችሁ ዱላውና ኳሱ የሚነካኩት ለሰከንድ አንድ ሺሕኛ ያህል ብቻ መሆኑን ስታስቡ ነው። በዚያች ቅጽበት ክንድ ኳሱን ሊገፋው አይችልም፤ የሚሠራው ዱላው ይዞት የመጣው ፍጥነት ነው። የዱላው ፍጥነት በሰዓት በ1 ኪሎ ሜትር ሲጨምር ተመቶ የሚወጣው ኳስ ፍጥነት በ1.2 ገደማ ይጨምራል፤ ወደ መቺው የሚወረወረው ኳስ በዚያው መጠን ቢፈጥን ግን የሚጨምረው 0.2 ያህል ብቻ ነው። ያ የዱላ ፍጥነት ደግሞ ከመሬት ተነሥቶ በእግር፣ በዳሌና በወገብ አልፎ መጨረሻ ላይ እጅ ይደርሳል።

ሥራውን በጀመርሁባቸው ዓመታት አንድን አጭር ልጅ በቁመቱ ፈርጄ፣ ኳሱን በቀስታ ከመንካት ሌላ እንዳይሞክር ከለከልሁት። አንድ ምሽት ብቻውን ሲለማመድ ቆሜ አየሁት፦ የፊት ተረከዙ መሬት እንደያዘ ጉልበቱ ጸና፤ ዳሌው ወደ ፊት ዞረ፤ እጆቹ ግን ገና ከኋላ ትከሻው አጠገብ ነበሩ፤ ከዚያ ዱላው እንደ ጅራፍ ተከተለ። ያን ልጅ በከንቱ ያባከንሁበት ወር ዛሬም ይቆጨኛል።

ስለዚህ ሚዛን ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ምታችሁን ከጎን ቀርጻችሁ ቀስ አድርጋችሁ ተመልከቱ። ዳሌና እጅ አንድ ላይ የሚዞሩ ከሆነ ጡንቻ መጨመር ብቻውን አያድናችሁም፤ ቅደም ተከተሉ ከተስተካከለ በኋላ ግን እግርንና ወገብን በክብደት ልምምድ ማጠንከር ፍጥነቱን በእርግጥ ያሳድጋል።